የውሃ ዳሩ ቤት ለማን ይሸጣል?

ባለፈው ወር ለማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አንድ ደብዳቤ ደረሰው። ላኪው በዚህ በዋሺንግተን ከተማ በወንዝ ዳር የተሠሩ ዘመናዊ ቤቶችን የሚሸጥ ኩባንያ ነው፤ ስሙን መጥራት ለነገራችን ስለማይጠቅም እንተወዋለን። የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በዚህ ጋዜጣችን ላይ በየእትሙ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ እንዲወጣለት፤ ሁለተኛው፣ በእንቁጣጣሽ በዓላችን ቀን የቤቶቹ ሥዕል ያለበትን መግለጫ ለእንግዶቻችን እንድናድልለት ነው። በለውጡ የአንድ ዓመት የወረቀት፣ የቀለምና የስቴንስል ወጪያችንን እችላለሁ ይላል።

ነገሩ በስብሰባ ላይ ቀርቦ ብዙ አከራከረ። ገንዘብ ያዣችን፣ «ማባዣው መኪና ቀለም የሚጠጣው በምርቃት አይደለም» ሲል አሳሰበ። ሌሎችም፣ «ማስታወቂያ ማውጣት ቤቱን መግዛት አይደለም፤ ያላማረው ገጹን ገልብጦ ይለፍ» አሉ። ውሳኔው ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ስለተላለፈ፣ እኛ የጋዜጣው አዘጋጆች ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አስተያየታችንን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል። አስተያየታችን ማስታወቂያውን አንቀበል የሚል ነው። ምክንያቱ ግን ጥቂት ዘርዘር ማለትን ይጠይቃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ የቆንጆ ቤት ጠላቶች አይደለንም። ሦስት ሆነን በአንድ ክፍል የምናድር ሰዎች ሰፊ ቤት እንጠላለን ብንል ማን ያምነናል? መግለጫውን ስንገልጥ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሰው መስኮት፣ ጀልባ የሚታይበት ሰገነት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ማድቤት እኛንም አስጎምጅቶናል። ኮንዶሚኒየም፣ ሎፍት፣ ታውንሃውስ እያለ ሦስት ዓይነት ቤት ይዘረዝራል።

የእነዚህን ስሞች ታሪክ የሚያውቅ ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ኮንዶሚኒየም ለአዲስ አበባ ልጅ የመንግሥት ቤት ማለት ነው፤ እናትና አባቱ ተመዝግበው፣ ከወር ደመወዛቸው ቆጥበው፣ ዕጣ እስኪወጣላቸው ዓመታት የሚጠብቁት ነው። እዚህ ግን ያው ስም በወንዝ ዳር ለባለጸጋ የሚሸጥ ቤት ሆኖ እናገኘዋለን። ሎፍትም ቢሆን መጀመሪያ የጌጥ ስም አልነበረም። በኒውዮርክ ከተማ ፋብሪካዎች ተዘግተው የቀሩ ባዶ ፎቆች ነበሩ፤ ኪራዩ ርካሽ ስለ ነበረ ድሆች ሠዓልያን ያለ ፈቃድ ገቡባቸው፤ በ1982 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶ ነዋሪነታቸው እስኪታወቅ ድረስም ሲሟገቱ ኖሩ። ዛሬ ሎፍት ተብሎ የሚሸጠው ቤት ሲሠራ ጀምሮ የድሮ ፋብሪካ እንዲመስል የተደረገ አዲስ ቤት ሊሆን ይችላል። የድሀው ስም ተወስዶ ዋጋው ተለውጧል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መግለጫው የወንዙን ዳር ሠፈር «እንደ አዲስ የተገኘ የውሃ ዳር» ይለዋል። ይህን ያነበበ፣ ከዚያ በፊት በቦታው ላይ ሰው ያልነበረ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ እኛ የምንቃወመውም ከቤቶቹ ይልቅ ይህንኑ አባባል ነው።

የዋሺንግተን ደቡብ ምዕራብ ክፍል ከከተማይቱ ቀደምት ሠፈሮች አንዱ ነበር። በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የዓሣ ገበያ ከ1805 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራል። በሠፈሩ ጥቁር አሜሪካውያንና ከአውሮፓ የመጡ ድሆች፣ በተለይም አይሁድ፣ አጠገብ ለአጠገብ ይኖሩ ነበር። ዝነኛው ዘፋኝ ማርቪን ጌይ ያደገው በዚሁ ክፍል ነው። ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ምኩራቡ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም በእግር የሚደረስበት ነበር።

ድህነቱም እውነት ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ዓ.ም. የመዘገበው እንዲህ ይላል። ለመፍረስ በተመረጠው አንደኛ ክልል 5,012 ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ከነዚህም ከመቶ 97.5 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ከመኖሪያ ቤቶቹ ከመቶ 64.3ቱ ከመጠገን ያለፉ ነበሩ። ከመቶ 57.8ቱ መጸዳጃቸው በውጭ ነበር፤ ከመቶ 60.3ቱ መታጠቢያ አልነበራቸውም፤ ከመቶ 29.3ቱም የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራቸውም። ይህ ሁሉ ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ በእግር በሚደረስበት ሥፍራ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ በ1946 ዓ.ም. የማደሻ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት መንግሥት ቤቶቹን በግምት እየገዛ ያፈርሳል፤ መሬቱንም ለአዲስ ሥራ ያስተላልፋል። የሚያስተላልፈው ለመንገድና ለትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ቤት ሠርተው ለሚያከራዩና ለሚሸጡ ነጋዴዎችም ነበር። አንድ የሱቅ ባለቤት፣ «ሱቄ የቆሸሸ ቤት አይደለም፤ ከእኔ ተወስዶ ለሌላ ነጋዴ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው?» በማለት ከሰሰ። በርማን በፓርከር ላይ የሚባለው ክርክር ይህ ነው። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ የጻፉት ፍርድ በኅዳር ወር 1954 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ ተሰጠ፤ ከተማይቱ ንጹሕ ብቻ ሳትሆን ያማረች እንድትሆን መወሰን የሕግ አውጪው ሥልጣን ነው፣ ቤቶችንም አንድ በአንድ መመርመር አያስፈልግም፣ ሠፈሩን በጠቅላላው መውሰድ ይቻላል የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ይኸው ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈርዶ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ለጥቁሩ ልጅ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተለት፤ የቤቱ በር ግን ተነቀለበት።

ያ ዕቅድ አንድ ተስፋም ይዞ ነበር። ከሚሠሩት መኖሪያዎች ቢያንስ ከሦስት አንዱ ኪራዩ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ለአንድ ክፍል በወር ከ17 ዶላር እንዳይበልጥ ተጽፎ ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ሠፈሩ ጥቂት አብያተ ክርስቲያናትና ጥቂት የድሮ ቤቶች ሲቀሩ ከሞላ ጎደል ፈረሰ። ወደ 23,000 የሚሆን ሕዝብና ወደ 1,500 የሚሆኑ የንግድ ቤቶች ተነሡ። በመሀሉ ሰፊ የመኪና መንገድ ተሠራ። ከዚያም እንደ ካፒቶል ፓርክ፣ ሪቨር ፓርክ፣ ታይበር አይላንድና ሃርበር ስኩዌር ያሉ፣ ታላላቅ መሐንዲሶች የነደፏቸው ፎቆችና ታውንሃውሶች ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ተራ በተራ ተከፈቱ። በሥነ ሕንጻ ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቻችን ዛሬም ሊያዩዋቸው ይሄዳሉ፤ ማማራቸውም አይካድም። ነገር ግን ከተነሡት ሰዎች አብዛኛዎቹ በአዲሱ ኪራይ ሊመለሱ አልቻሉም። ወደ ሰሜን ምሥራቅና ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ተበተኑ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ በስብሰባውም ተነሥቷል። «ታዲያ መጸዳጃ የሌለው ቤት ይቆይ ኖሯልን?» ተብለናል። አይቆይም ነበር። ዳንኤል ተርዝ የተባሉ ምሁር በ1966 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የተነሡትን ቤተሰቦች ፈልገው አነጋግረዋል። ብዙዎቹ የገቡበት ቤት ከቀድሞው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ግን ጎረቤት አጥተዋል፤ በአዲሱ ሠፈር ወዳጅ ያላፈሩ ነበሩ፤ ለቀድሞው ሠፈራቸው የነበራቸው ናፍቆትም ገና አልወጣላቸውም ነበር። ዕድርና ማኅበር በሚያውቅ አገር የተወለድን ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ሰው የሌለበት ሠፈር፣ መታጠቢያው በእብነ በረድ ቢሠራ ግማሽ ቤት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ማፍረስ ወይስ አለማፍረስ የሚል አይደለም፤ ቤቱ ሲታደስ ነዋሪው አብሮ ይታደሳል ወይስ ይጠረጋል የሚል ነው። ቧንቧ ማስገባትም ሆነ መብራት መዘርጋት የሚቻለው ሰዎቹ በቦታቸው ሳሉ ነው፤ ይህ ባይቻል እንኳ ደረጃ በደረጃ እየሠሩ፣ የተነሣውን አስቀድሞ መመለስ ይቻላል። ይህ ያልተደረገው የማይቻል ስለ ነበረ ሳይሆን፣ ዝቅተኛው ኪራይ ለሠሪው ትርፍ ስለማያመጣና ተስፋው እንዲፈጸም የሚያስገድድ ስላልነበረ ነው።

የ1954ቱ ፍርድም በዋሺንግተን ተወስኖ አልቀረም። በኮነቲከት ግዛት በኒው ለንደን ከተማ፣ በወንዝ ዳር ባለው በፎርት ትራምቡል ሠፈር፣ ሆቴልና አዳዲስ መኖሪያዎች ይሠሩ ዘንድ የነዋሪዎች ቤት ሲወሰድ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንኑ የበርማን ፍርድ ጠቅሶ በ2005 ዓ.ም. በ5 ዳኞች ለ4 ፈቀደ። ቤቶቹ ተነሡ፤ የታሰበው ሥራ ግን አልተሠራም፤ የዕቅዱ ተስፋ የነበረው የመድኃኒት ኩባንያም በ2009 ዓ.ም. ከከተማይቱ እንደሚወጣ አስታወቀ። ቦታው ለዓመታት ሣር በቀለበት። ውሃ ዳር ያለ መሬት ሁልጊዜ ዓይን ይስባል፤ የሳበው ዓይን ሁሉ ግን ሠሪ አይደለም።

ወደ ዛሬው ዋሺንግተን እንመለስ። በዚያው በደቡብ ምዕራብ ውሃ ዳር «ዘ ዋርፍ» የተባለው ሰፊ ሥራ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሁለተኛው ክፍልም በ2022 ዓ.ም. ተጨመረ። መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ለሠሪዎቹ የተሰጠው በ99 ዓመት ኪራይ ነው። ላደረጉት በጎ ነገር ዋጋ መንፈግ አይገባንም። የወደቡ ዳር መንገድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የዓሣ ገበያውም አለ፤ ከመኖሪያዎቹም የተወሰነው ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች እንዲከራይ ተደርጓል። ከ1950ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ይህ መሻሻል ነው። የተሻሻለውም በራሱ ጊዜ አይደለም፤ የተነሡት ሰዎችና ልጆቻቸው ስለጮኹ፣ የከተማው ምክር ቤትም የሕዝብ መሬት ሲሰጥ የድሀው ድርሻ ይታሰብ ብሎ ስላስገደደ ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ አሁን ያለውም ባልኖረ ነበር።

መግለጫው ግን ይህን አይነግረንም። ሌላም የማይነግረን ነገር አለ፤ ይህኛው ደግሞ ገዢውን ራሱን ይመለከታል። ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው የባንክ ዕዳውን ከፍሎ አያበቃም። ለአሳንሰሩ፣ ለዘበኛው፣ ለጣሪያውና ለመዋኛው በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ መዋጮውም በየጊዜው ይጨምራል። ሕንጻው ድንገት ትልቅ ጥገና ቢያስፈልገውና የተጠራቀመው ገንዘብ ባይበቃ፣ በእያንዳንዱ ባለቤት ላይ ልዩ ክፍያ ይጣላል። ሕንጻው የቆመው በኪራይ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ፣ የገዛው ቤት እንጂ መሬት አይደለም። በወንዝ ዳር ያለ ቤት ለጎርፍ ያለውን ቅርበትም መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በውሉ ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን የሚገኘው በደቃቅ ፊደል ነው። ሥዕሉ በሰፊ ገጽ፣ ዕዳው በጠባብ መስመር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለካ ለውሃ ዳር ቤትም ይሠራል።

ለመሆኑ የእንቁጣጣሽ እንግዶቻችን እነማን ናቸው? አብዛኛዎቹ ታክሲ የሚነዱ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ በሆስፒታል ሌሊቱን የሚያስታምሙ፣ ትንሽ ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። ቤት መግዛታቸው መልካም ነው፤ የገዙም ብዙዎች ናቸው፤ በዚህ እንኮራለን። ነገር ግን የራሳቸው ታሪክ ምን ይላል? የአገራችን ሰዎች መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው መንገድ ምግብ ቤት ከፈቱ። ሠፈሩ ሲያምር ኪራዩ ናረ፤ ወደ ዩ መንገድና ወደ 9ኛው መንገድ ወረዱ። ባዶና ጨለማ የነበረውን መንገድ በእንጀራና በቡና ሽታ ሞሉት። ያም ሠፈር ሲያምር ኪራዩ ናረ፤ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ሠፈርን የሚያሳምረው ሰውና የሚኖርበት ሰው እየተለያዩ መሄዳቸውን ከነርሱ የተሻለ የሚያስተምር ፕሮፌሰር የለም። በ1950ዎቹ የተነሡት ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብለን ብንተወው፣ ነገ የእኛ ሆኖ ስናገኘው እንደነቅ ይሆናል። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል፤ እኛ በአንድ ዓመት ስቴንስል ዋጋ ከላሾቹ ወገን እንዳንሆን እንሰጋለን።

ከመካከላችን የከተማ ፕላን፣ ምሕንድስናና ሕግ የሚማሩ አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ። አዲስ አበባም ወንዞች ያሏት ከተማ ናት፤ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ የወንዞቿን ዳር የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ የድሮ ቤቶች ፈርሰው መንገዶች ሰፍተዋል። ከወንዙ ሽታ መገላገልን የሚጠላ የለም። ይሁን እንጂ በነዚያ ሠፈሮች ዕድር ነበረ፤ የጉልት ገበያ ነበረ፤ ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት ነበረ። በዋሺንግተን ደቡብ ምዕራብ የተጠየቀው ጥያቄ እዚያም ይጠየቃል፤ የተነሣው ሰው የት ገባ? ካሳውስ ቤት ይገዛል? ዕድሩስ አብሮት ሄደ? ይህን ጥያቄ እዚህ ሳለን መጠየቅ ያልለመድን፣ እዚያ ጠረጴዛ ስናገኝ ልንጠይቀው አንችልም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ማስታወቂያውን አውጡና በጎኑ ትችታችሁን ጻፉ» ብለው መክረውናል። ምክሩን አስበንበታል። ነገር ግን ወረቀታችንን የሚገዛልን ሰው ብዕራችንን አልገዛም ቢልም፣ እኛው ራሳችን እጃችንን መሰብሰብ እንጀምራለን። የሚቀጥለው ጽሑፍ ሲጻፍ «ኩባንያው ምን ይል ይሆን?» የሚል አንድ ድምፅ በጆሯችን ሹክ ይላል። ጋዜጣችን ቀለሙ ቢፈስም፣ መስመሩ ቢጣመምም፣ እስከ ዛሬ ያንን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ማስታወቂያው በትሕትና ደብዳቤ ይመለስ። በደብዳቤውም ምክንያታችን ይገለጽ፤ ስድብ አይጨመርበት።

ሁለተኛ፣ በእንቁጣጣሽ ቀን የሚታደለውን መግለጫ እኛው እናዘጋጅ። በአማርኛ ተጽፎ፣ ቤት የሚገዛና የሚከራይ ሰው ከመፈረሙ በፊት ምን ምን እንደሚጠይቅ ይዘርዝር። ወርኃዊው መዋጮ ስንት ነው? የመጠባበቂያ ገንዘብ አለ? መሬቱ የማን ነው? እንዲሁም በዋሺንግተን ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሚኖሩበት ሕንጻ ሲሸጥ ተከራዮች አስቀድመው የመግዛት ዕድል የሚያገኙበት ሕግ አለ። ሕጉ በየጊዜው ስለተሻሻለ ለየትኛው ቤት እንደሚሠራ የሕግ ተማሪዎቻችን ከመምህራኖቻቸው ጋር አጣርተው ያስረዱ። ከወገኖቻችን ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ የታሪክና የሶስዮሎጂ ተማሪዎች ከደቡብ ምዕራብ የተነሡትን ሽማግሌዎችና ልጆቻቸውን ፈልገው ያነጋግሩ። ገና በሕይወት ያሉ አሉ፤ ጊዜ ግን አይጠብቅም። መምህራኖቻችንም ሥራውን ይምሩልን። ቃላቸው በዚህ ጋዜጣ ላይ ይውጣ።

አራተኛ፣ የስቴንስሉን ወጪ በተመለከተ፣ እያንዳንዱ አባል በወር የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ያዋጣ። እኛ አዘጋጆቹ የመጀመሪያውን መዋጮ ከፍለናል፤ ደረሰኙ በገንዘብ ያዡ እጅ ይገኛል። ገንዘብ ያዣችን ይህን ሲሰማ ጥቂት ቅር እንዳለው አንደብቅም፤ ነገር ግን ቀድሞ የከፈለው እርሱ ነው።

ባለፈው እሑድ ጥቂቶቻችን ወደ ውሃው ዳር ወርደን ነበር። ቀኑ ደስ ይል ነበር፤ ጀልባዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። ከሕንጻው በታች ባለው የመኪና ማቆሚያ በር ላይ አንድ ያገራችን ሰው ቆመው አገኘናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን። «ጋሼ፣ ላይ ያሉትን ቤቶች አይተዋቸው ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «መኪናቸውን አውቀዋለሁ፤ ቤታቸውን አላየሁም» አሉን። ቤታቸው የት እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር ቆጠሩልን። ድምፃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እኚህን ሰው አስቡልን። በእንቁጣጣሽ ቀን ከእንግዶቻችን መካከል ይኖራሉ፤ በእጃቸው የትኛውን ወረቀት እንደምንሰጣቸው የሚወስነው ጉባኤው ነው።